ጎጃምን በአራት ቀን፦ ለብዙ ቀን የብስክሌት ውድድር የቱ ማርሽ፣ የቱ ጎማ፣ የቱ ፍሬን?

ለአንድ ቀን ውድድር የተሰናዳ ብስክሌት ለአራት ቀን ውድድር አይበቃም። በአንድ ቀን ውድድር የተሰበረ ዕቃ የሚያበላሸው ያንኑ ቀን ነው። በብዙ ቀን ውድድር ግን አሸናፊው የሚለየው የየቀኑ ሰዓት ተደምሮ ስለሆነ፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ጎማ ሲቀየር የጠፋች አምስት ደቂቃ እስከ ባሕር ዳር ትከተላለች። ስለዚህ ዕቃ ሲመረጥ ጥያቄው «የቱ ይቀላል?» አይደለም። «በሦስተኛው ቀን የደከመ እግር የቱን ይገፋል? ፍኖተ ሰላም ላይ ቢበላሽስ የቱ ይጠገናል?» ነው።

ከታላላቆቹ መቅዳት እዚህ ላይ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ ከኋላው መለዋወጫ ብስክሌትና መካኒክ የጫነ የቡድን መኪና ይከተለው ነበር። በጎጃም መንገድ ከኋላ ያለው ብዙ ጊዜ አንድ ሚኒባስ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ተስፋ የመንገድ ዳር ጎሚስታ ነው። የሚከተለው ምርጫ ሁሉ ይህን ታሳቢ ያደረገ ነው።

መንገዱና አቅጣጫው

ዋናው የአስፋልት መስመር ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከድልድዩ ወደ ደጀን ደግሞ ያንኑ ያህል ይወጣል። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ እስከ ደጀን አፋፍ ያለው ከፍታ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። በአማካይ 7 በመቶ ዳገት ማለት ነው፤ ጠመዝማዛው ላይ ከዚያ በላይ የሚሆንበት አለ። ከደጀን ደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ከቡሬ በኋላ መንገዱ በጥሊሊ በኩል እስከ እንጅባራ ይወጣል፤ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ከዚያ በአዲስ ቅዳም፣ በዳንግላና በመራዊ እየወረደ ባሕር ዳር፣ 1,800 ሜትር ላይ ያርፋል።

ለአራት ቀን የሚመቸው አከፋፈል ይህ ነው፦ ጎሃ ጽዮን–ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ማርቆስ–ቡሬ፣ ቡሬ–ዳንግላ፣ ዳንግላ–ባሕር ዳር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከ70 እስከ 80። ችግሩ ዓባይ በመጀመሪያው ቀን መምጣቱ ነው። ዳገት የሚችል ሰው ደጀን ላይ አሥር ደቂቃ ካተረፈ ቀሪዎቹ ሦስት ቀናት ሽኝት ይሆናሉ።

አቅጣጫውን መገልበጥ ይቻላል። ከባሕር ዳር ተነስቶ በሦስተኛው ቀን ደጀን መግባት፣ በአራተኛው ቀን ከደጀን ወደ ድልድዩ ወርዶ ተመልሶ ደጀን ላይ መጨረስ። የመጨረሻው ቀን 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ሁሉም ነገር እስከዚያች ዳገት ድረስ ሳይለይ ይቆያል። ለውድድሩ ጥራት የሚበልጠው ይኸኛው ነው። ለሕዝብ፣ ለሆቴልና ለመዝጊያ ሥነ ሥርዓት ግን የባሕር ዳር ሰፊና ሜዳ ጎዳና ከደጀን ጋር አይወዳደርም፤ ብስክሌት የሚያውቅ ከተማም ነው። አዘጋጁ የመረጠው አቅጣጫ የተወዳዳሪውን ማርሽ ይቀይራል፤ ምክንያቱን ቀጥለን እናየዋለን።

ቀኑን በተመለከተ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ይሻላል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ስለሚከበር በዚያ ቀን መንገዱ የፈረስ ነው። ቅዳሜ ደግሞ አዲስ ቅዳምን በስሟ መጠርጠር ደግ ነው፤ ገበያተኛና አህያ በሞላበት አስፋልት በ45 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ማለፍ አይቻልም። መስመሩ ክፍት ስለመሆኑና ስለ ጸጥታው ከየዞኑ ማረጋገጥ ከሁሉ ይቀድማል።

ማርሽ፦ ገንዘብ ከሌለ ሌላው ይቅር፣ ይህ አይቅር

ንጽጽሩን በቁጥር ማየት ይቀላል። 62 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌተኛ ከነብስክሌቱና ከነውኃው 72 ኪሎ ቢሆን፣ 7 በመቶ ዳገት በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 190 ዋት ያህል ያስፈልገዋል። በክለብ ደረጃ ላለ ሰው ይህ የሚቻል ነው፤ 20ውን ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በዚህ ፍጥነት ፔዳሉ በደቂቃ የሚዞረው (ባለ 700 ቸርኬ፣ ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጎማ) እንዲህ ነው፤ «ፊት» እና «ኋላ» የፊትና የኋላ ማርሽ የጥርስ ቁጥር ናቸው፦

ፊት 39፣ ኋላ 25 — 61 ዙር
ፊት 39፣ ኋላ 28 — 68 ዙር
ፊት 34፣ ኋላ 28 — 78 ዙር
ፊት 34፣ ኋላ 32 — 89 ዙር

በ61 ዙር መቶ ደቂቃ መግፋት ይቻላል፤ ብዙዎችም ችለውታል። ዋጋው የሚከፈለው በማግስቱ ነው። ዙሩ ሲቀንስ በእያንዳንዱ ግፊት ጡንቻው የሚሸከመው ኃይል ይጨምራል፤ ጉልበትና ታፋ ደብረ ማርቆስ አድረው ሲነሱ እንጨት ይሆናሉ። ፍጥነቱ በድካም ወደ 10 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ደግሞ 39 በ25 ላይ ያለው ሰው 51 ዙር ላይ ይወድቃል፤ ያኔ መቀመጫው ላይ ሆኖ መግፋት ያቅተዋል፣ ይቆማል፣ ልቡ ይፈጥናል። 34 በ32 የያዘው በዚያው ፍጥነት 75 ዙር ላይ ነው።

ስለዚህ ዓባይ በመጀመሪያው ቀን ከሆነ 34 በ28 ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ዓባይ በመጨረሻው ቀን ከሆነ 34 በ32 ይሁን። 39 የፊት ጥርስ ክብደቱ ከ58 ኪሎ በታች ለሆነና ዳገት ላይ በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሄድ ሰው ይተው። «ኮምፓክት (ፊቱ 50 እና 34 ጥርስ የሆነ ማርሽ) የጀማሪ ነው» የሚለው ወሬ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ደጀን ላይ መጨረሻ ከደረሰ ሰው ነው።

ትንሽ የፊት ጥርስ ቁልቁለት ላይ ይጎዳል የሚለው ፍርሃትም ከሚገባው በላይ ተጋኗል። ፊት 50፣ ኋላ 11 ሆኖ በ100 ዙር 57 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያስኬዳል፤ 53 በ11 ደግሞ 61። ከዚያ በላይ ወደ ዓባይ ሲወረድ ማንም አይገፋም፤ ጎንበስ ብሎ መንሸራተት ይፈጥናል።

የ32 እውነተኛ ጉዳት ሌላ ቦታ ነው። ባለ 11 ፍጥነት የሆነው ከ11 እስከ 28 ያለው ካሴት (የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ) 15ንና 17ን ይዟል፤ ከ11 እስከ 32 ያለው ግን ከ14 ወደ 16፣ ከ16 ወደ 18 ይዘላል። ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር ዋናው ስብስብ በ40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 50 በ15 ላይ 95 ዙር የሚመች ነበር፤ በ32ቱ ካሴት ግን ወይ 89 ወይ 101 ነው። የሚያናድድ ነገር ነው፤ ሆኖም ውድድር አያስጥልም።

32 ሲገጠም የሚበላሸው የኋላው ማርሽ ቀያሪ ነው። አጭር እግር ያለው ቀያሪ እንደ ሞዴሉ ከ28 ወይም ከ30 በላይ አይቀበልም፤ የላይኛው ትንሽ ጎማው ከትልቁ ጥርስ ጋር ይፋተጋል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የፊቶቹ ልዩነት (50−34=16) ሲደመር የኋላዎቹ ልዩነት (32−11=21)፣ 37 ይሆናል። ቀያሪው ላይ የተጻፈው አቅም ከዚህ ካነሰ ረጅም እግር ያለው መግዛት ግድ ነው። ካቴናውንም ማስረዘም ያስፈልጋል፦ ቀያሪው ውስጥ ሳያሳልፉ በትልቁ ፊትና በትልቁ ኋላ ጥርስ ላይ ያዙሩት፤ ከተገናኘበት ላይ ሁለት ዐይን ይጨምሩ። በአጭር ካቴና ትልቅ በትልቅ ያስገባ ሰው ቀያሪውን ከነማንጠልጠያው ይገነጥለዋል።

ያረጀ ካቴና በውድድሩ ዋዜማ አይቀየርም። አዲስ ካቴና በተበላ ካሴት ላይ ሲገፉት ይዘላል፤ ዳገት ላይ መዝለሉ ደግሞ ሰው ይጥላል። መለኪያው 0.5 በመቶ መርዘሙን ካሳየ ከሁለት ሳምንት በፊት ይቀየር፤ ቢያንስ 200 ኪሎ ሜትር ተነድቶበት ይፈተሽ።

ጎማና ቸርኬ

ምርጫው ሦስት ነው፦ ከመነዳሪ ያለው ተራ ጎማ፣ ቸርኬ ላይ በማስቲሽ የሚለጠፈው ቱቡላር፣ ከመነዳሪ የሌለው ፈሳሽ የሚጨመርበት ቱቦለስ።

ቱቡላር ቀላል ነው፤ ቢተነፍስም ቸርኬው ላይ እንደተጣበቀ ትንሽ ያስኬዳል። ነገር ግን ማጣበቂያው እስኪደርቅ አንድ ቀን ይፈልጋል፣ ቀዳዳው የሚደፈነው ስፌቱ ተፈትቶ ነው፣ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በቸርኬ ፍሬን (ቸርኬውን ራሱን በሚይዘው) 20 ኪሎ ሜትር ሲወረድ የሚፈጠረው ሙቀት ማስቲሹን ያላላዋል። የላላ ጎማ ጠመዝማዛ ላይ ከቸርኬው ይንሸራተታል። ለጎጃም አይመከርም፤ እዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም።

ቱቦለስ በዓባይ በረሃ የግራር እሾህ ላይ ከሁሉም ይበልጣል። ፈሳሹ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያለውን ቀዳዳ ሳይቆሙ ይደፍነዋል። ድክመቱ በሌላ በኩል ነው፦ ፈሳሹ በሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ በየሁለት ሦስት ወሩ መጨመር አለበት፤ ጎማው በጎን ከተቀደደ ጠርዙ ጠባብ ስለሆነ ከመነዳሪ ለማስገባት በደከመ እጅ ያስቸግራል፤ እንደገና ለማስቀመጥም የአየር ግፊት ያለው ኮምፕሬሰር ይጠይቃል። የፈሳሽ ክምችትና የሠለጠነ ሰው ያለው ቡድን ይውሰደው። ሌላው ተወዳዳሪ ባለ ከመነዳሪ ጎማ ይዞ ሁለት ትርፍ ኪሱ ውስጥ ያስገባ።

ከመነዳሪ ያለውን የመረጠ አንድ ነገር ይወቅ፦ በትንንሽ ከተሞች በብዛት የሚገኘው የ26 ኢንች ከመነዳሪ ነው፤ የ700ው ብርቅ ነው። ቫልቩም ይለያያል። የውድድር ቸርኬ ቀዳዳ ለቀጭኑ ቫልቭ (ለፕሬስታ) የተበሳ ነው፤ የጎሚስታው መንፊያ አፍ ግን የመኪና ቫልቭ ነው የሚያውቀው። መፍትሔው በሳንቲም የሚገዛ የነሐስ ማያያዣ ነው፤ ተወዳዳሪው ራሱ ይያዘው፣ ለመኪናው አይተወው። ጎሚስታው ሲነፋ ባጭር ባጭሩ እንዲለቅ ይጠየቅ፤ ለአይሱዙ የተዘጋጀ ግፊት ቀጭን ጎማ በአንድ ትንፋሽ ያፈነዳል። ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ማስፋት የሚመክር ሰው ይኖራል፤ ጠባብ ቸርኬ በዚያ በኩል ይሰነጠቃልና ይቅር።

ስፋቱ 25 ወይስ 28? ዓባይ ውስጥ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ተወዛውዟል፤ ከባድ መኪናዎች በሄዱበት ደግሞ ጎድጉዷል። ሹካውና ፍሬኑ ካስገባ 28 ይሻላል። ከ60 እስከ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ28 ጎማ ፊት 65፣ ኋላ 70 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ ግፊት መለኪያ)፤ በ25 ፊት 80፣ ኋላ 85 ይበቃል። 110 እና 120 የመንፋት ልማድ ፍጥነት አይጨምርም፤ ጎማው በሸካራ አስፋልት ላይ ይዘላል፣ የተዘለለው ሁሉ የባከነ ጉልበት ነው። ጠዋት በጎሃ ጽዮን ብርድ የተነፋ ጎማ ድልድዩ ጋ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ አምስት ፒ.ኤስ.አይ ያህል እንደሚጨምርም ይታሰብ። ለብቻው አያፈነዳም፤ ጫፍ ድረስ በተነፋና በፍሬን በጋለ ቸርኬ ላይ ግን አደጋ ነው።

ቸርኬን በተመለከተ፣ 32 ራጂ (የቸርኬ ሽቦ) ያለው አሉሚኒየም ከ20 ራጂ ካርቦን ይሻላል። 32 ካለው አንዱ ቢሰበር ቸርኬው በትንሹ ይወላገዳል፤ ፍሬኑን ላላ አድርጎ እስከ መጨረሻ ይደረሳል። 20 ካለው አንዱ ሲሰበር ቸርኬው ፍሬኑን ወይም ሹካውን ይመታል፣ ጉዞው እዚያው ያበቃል። ጫፉ የታጠፈው ተራ ራጂ ባሕር ዳር ይገኛል፤ ቀጥ ያለውና አምራቹ ለራሱ የሠራው አይገኝም። ጥልቅ ቸርኬ አየር ይቀንሳል የተባለው እውነት ነው፤ ግን በ2,400 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ትርፉም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በቸርኬ ፍሬን ላይ ካርቦን ደግሞ ለዚህ ቁልቁለት ጭራሽ አይሆንም፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያለሰልሰዋል፣ ግድግዳው ያብጣል።

ፍሬን

ዲስክ ወይስ የቸርኬ ፍሬን? በደረቅ ወራት በአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ ጥሩ ጎሚኒ የገጠመ ሰው ከዲስኩ እምብዛም አይተናነስም። ዲስክ የሚበልጠው በዝናብና በእንጅባራ ጭጋግ ነው። ዲስክ ያለው ሰው ከሬዚን (በሙጫ ከተያያዘ) ሸራ ይልቅ የብረት ቅይጥ ሸራ ያስገባ፤ ሬዚን በረጅም ቁልቁለት እንደ መስታወት ይለሰልስና ይንሸራተታል። ዲስኩ ላይ «ለሬዚን ብቻ» የሚል ጽሑፍ እንደሌለ ግን አስቀድሞ ይታይ።

የዲስክ ዋና አደጋ ዘይቱ ነው። ሺማኖ የተባለው የፍሬንና የማርሽ አምራች የሚጠቀመው የማዕድን ዘይት ነው። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚገዛው ፍሬን ዘይት እሱ ውስጥ ከገባ ላስቲኮቹን አሳብጦ ፍሬኑን ይገድለዋል። ዘይቱ ይመሳሰላል፤ ሥራው ግን አይገናኝም።

በሁለቱም ዓይነት አያያዙ አንድ ነው፦ ረጅም ጊዜ ቀስ አድርጎ መያዝ ያግላል፤ ከመታጠፊያው በፊት አጥብቆ ይዞ መልቀቅ ያቀዘቅዛል።

ምግብና ውኃ

በሰዓት 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መነሻ ነው። መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር 12 ይሰጣል። ከውጭ የሚመጣው ጄል በአንዱ ከ20 እስከ 25 ግራም ይይዛል፤ ዳገት ላይ ለመዋጥ ይመቻል፣ ውድ ነው፣ ያልለመደ ሆድ ያናውጣል። ለአራት ቀን የሚያዋጣው መደባለቅ ነው፦ በሜዳው ሙዝና ማር የተቀባ ዳቦ፣ በዓባይና በጥሊሊ ዳገት ፈሳሽ ብቻ። ለ750 ሚሊ ሊትር ኮዳ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የሎሚ ጭማቂ። በዓባይ በሰዓት አንድ ኮዳ ያልቃል፤ ድልድዩ ላይ የውኃ መቀበያ ያላዘጋጀ ቡድን ሰው ይጥላል።

በሶ የሚገባው ከውድድሩ በኋላ ነው። አሰሩ ብዙ ስለሆነ እየጋለቡ ሲበሉት ሆድ ውስጥ ይቆማል፤ ደብረ ማርቆስ ገብተው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በማር ቢጠጡት ግን ለማግስቱ ምን የመሰለ ነገር ነው። ለሚጾም ሰው ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ የጾም ነው፤ ችግሩ ሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ተወዳዳሪ ካለ አሠልጣኙ ዋዜማውን ይወቅ፤ ዳገት ላይ ሲያዞረው አይደለም የሚያውቀው።

ቡድኑ አንድ ዓይነት ይሁን

አምስት ተወዳዳሪ ያለው ቡድን ከሁለት ጥሩ ዓይነቶች ቅልቅል ይልቅ አንድ መካከለኛ ዓይነት ቢይዝ ይሻለዋል። ሦስቱ ዲስክ፣ ሁለቱ የቸርኬ ፍሬን ከሆኑ መኪናው ሁለት ዓይነት መለዋወጫ እግር (ቸርኬ ከነጎማው) መጫን አለበት። ባለ 11 እና ባለ 10 ካሴት ከተደባለቁ የተሰጠ እግር ማርሹ አይገባም፤ የካቴናው ማያያዣም አይገጥምም። ባለ 8 ወይም ባለ 9 ብስክሌት የያዘ ክለብ በዚህ አይፈር፤ ሁሉም አንድ ከሆኑና ኋላው 32 ከደረሰ፣ የብረት ካሴቱ ርካሽ ነው፣ ካቴናውም ወፍራምና ቻይ ነው።

ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ይህ ነው፦ ስምንት ከመነዳሪ፣ ሦስት ጎማ፣ ለእያንዳንዱ ርዝመት ሦስት ሦስት ራጂ፣ ሁለት የማርሽ ማንጠልጠያ (በየብስክሌቱ ሞዴል ይለያያል)፣ የማርሽና የፍሬን ገመድ፣ አራት የካቴና ማያያዣ፣ ሁለት ጥንድ የፍሬን ሸራ፣ የራሳችን የግፊት መለኪያ። ማንጠልጠያው የሚታጠፈው በውድድር ላይ ከመውደቅ ይልቅ ብስክሌት ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሲደራረብ ነው፤ ሲጫን ካቴናው ትልቁ የኋላ ጥርስ ላይ ይሁን፣ ቀያሪው ወደ ውስጥ ይገባና ከጫና ይተርፋል። ሣጥኑን የጫነው መኪና ከተወዳዳሪው ኋላ ይሁን። አልጋ ለመያዝ ቀድሞ ቡሬ ከገባ ሣጥን የለም ማለት ነው።